በአንድ አገር ተጫውታ ሁለት አገር ያሰለጠነች፦ ስለ አሊሰን አናን እንወያይ

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁም። የስፖርት መምህር ነኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታቦር ተራራ አካባቢ የታዳጊ ሴቶች የእግር ኳስ ፕሮጀክት አሰለጥናለሁ። ዛሬ ግን የመጣሁት በሜዳ ሆኪ ጉዳይ ነው፤ ኳስን በዱላ እየመቱ ግብ የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ ማለቴ ነው። ሆኪ እኛ ጋ ብዙ ተከታይ የለውም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ስለ አሰልጣኝነት ሳስብ የዚህችን ሴት ያህል ደጋግማ ሐሳቤ ላይ የምትመጣ የለችም። እስቲ ታሪኳን ልንገራችሁና እናንተም የመሰላችሁን በሉ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አሊሰን አናን አውስትራሊያዊት ናት። ተጫዋች ሳለች 228 ጊዜ ለአገሯ ተሰልፋ 166 ግብ አስቆጥራለች። በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ደግሞ በአገሯ ሕዝብ ፊት ሌላ ወርቅ። የዓለም ዋንጫውን በ1994 እና በ1998 ወስደዋል። የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብላም በ1998 እና በ2000 ተመርጣለች። ማለትም በተጫዋችነት የቀራት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወደ አሰልጣኝነት ገባች። ያውም በአገሯ ሳይሆን በሆላንድ። መጀመሪያ ክለቦችን ይዛ ሠራች። በ2015 የሆላንድ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተሰጣት። ሆላንድ በሴቶች ሆኪ ማለት ብራዚል በእግር ኳስ እንደማለት ነው። ሁለተኛ መውጣት እዚያ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። በ2016 ሪዮ ላይ ለፍጻሜ ደርሰው ከታላቋ ብሪታንያ ጋር 3 ለ 3 ተለያዩ። በመለያ ምት ተሸነፉ። ሰው ሁሉ አበቃላት ሲል እሷ ሥራዋን ቀጠለች። በ2018 ለንደን ላይ የዓለም ዋንጫውን አየርላንድን 6 ለ 0 አሸንፈው ወሰዱ። የአውሮፓን ዋንጫ በ2017፣ በ2019 እና በ2021። በመጨረሻ በቶኪዮ ኦሊምፒክ አርጀንቲናን 3 ለ 1 ረትተው ወርቁን አጠለቁ።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጠመዘዘው። ወርቁ ከተገኘ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥር 2022፣ ፌዴሬሽኑ አሰናበታት። ምክንያቱ ውጤት አልነበረም። በቡድኑ ውስጥ ያለው ባህል ለተጫዋቾች ጤናማ አይደለም የሚል ቅሬታ ተነስቶ ማጣራት ከተደረገ በኋላ ነው። እሷ ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። ወደ ቻይና ሄደች። በ2023 ሃንግዙ ላይ በእስያ ጨዋታዎች ወርቅ አስገኘች፤ በዚያውም ለፓሪስ አለፉ። ፓሪስ ላይ ቻይና ለፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሆላንድ!

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ትልቅ ተጫዋች የነበረ ሰው ጥሩ አሰልጣኝ ለመሆን ምን መተው አለበት? ወርቅ ያስገኘ አሰልጣኝስ በባህሪ ምክንያት መሰናበቱ ተገቢ ነው ትላላችሁ?


አሞራ ገደል

እህቴ፣ ደስ የሚል ርዕስ ነው ያመጣሽው። እኔ የቶኪዮውን ፍጻሜ አይቼዋለሁ። ሦስቱም የሆላንድ ግቦች በሁለተኛው ሩብ የገቡ ናቸው፤ ሦስቱም ከቅጣት ኮርና። ላላወቀ ሰው፦ በሆኪ ተከላካይ በግቡ ፊት ባለው ግማሽ ክብ ውስጥ ጥፋት ሲሠራ የቅጣት ኮርና ይሰጣል። ኳሷ ከግቡ መስመር ላይ ተገፍታ ትወጣለች። አንዷ ከክቡ ውጪ ታቆማታለች፣ ሌላዋ ትመታታለች። የሚከላከሉት በረኛዋን ጨምሮ አምስት ብቻ ናቸው። ይሄ ሁሉ በሁለት በሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። በአንድ ሩብ ሦስት ጊዜ ማስቆጠር ዕድል አይደለም። አንዷ ብትዘገይ ሁሉም ይበላሻል። ያ የአሰልጣኝ ሥራ ነው። ሺህ ጊዜ ያስደገመ ሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ በእኔ በኩል፣ አሰልጣኝ የሚለካው በውጤት ነው። ጠንካራ አሰልጣኝን ሁሉም ተጫዋች አይወደውም። ስትቆጣ ይከፋቸዋል፣ ስትቀይራቸው ይከፋቸዋል። ወርቁ አንገታቸው ላይ ሲገባ ግን ማን ነው የሚመልሰው? ሴትዮዋ ተበድላለች ባይ ነኝ።


ሰባት ቁጥር

አሞራ ገደል፣ አክብሬህ ነው የምናገረው፣ ግን በዚህ አልስማማም።

እኔ ለአንድ ክለብ ተጫውቼ አልፌያለሁ። ስሙ ይቅር። አሰልጣኛችን ራሱ በጊዜው የታወቀ ተጫዋች ነበር። ኳስ ሲነካ ትፈዝዛለህ። ነገር ግን እኛ ስንሳሳት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ይሄን እንዴት አታዩትም?» እሱ ስላየው ሁላችንም እንድናየው ይፈልጋል። እንዴት እንደሚታይ ግን አስተምሮን አያውቅም። ከዚያ ስድቡ ይከተላል። ስለ ሰውነታችን፣ ስለ ቤተሰባችን። አንዷ ጓደኛዬ ከልምምድ በፊት ያስመልሳት ነበር፤ ከፍርሃት ብዛት። ዋንጫም በልተናል፣ አልክድም። ያቺ ልጅ ግን በሃያ ዓመቷ ኳስ አቆመች። ዛሬ ኳስ በቴሌቪዥን እንኳን ማየት አትፈልግም።

የሆላንዷን ጉዳይ ውስጡን አላየሁም፣ ስለዚህ ሴትዮዋን አልፈርድባትም። ፌዴሬሽኑ ግን ያደረገውን አከብራለሁ። ወርቅ አምጥታለችና ዝም በሉ አላላቸውም። ተጫዋቾቹን ጠርቶ ሰማ። እኛን የጠራንም፣ የሰማንም አልነበረም።


አቶቴ ሰፈር

ልጆች፣ ሰላም ዋሉ። እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ለጨዋታው ግን እንግዳ አይደለሁም። በልጅነታችን የገና ጨዋታ ተጫውተናል። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ከዛፍ ቆርጠን፣ ሩሯን ከእንጨት ጠርበን፣ የላይኛው ሰፈር ከታችኛው ሰፈር ጋር። ሜዳው ወሰን የለውም፤ ጉድጓዱንም ገደሉንም ተከትለህ ትሮጣለህ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ጌታውም ሎሌውም አንድ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የሜዳ ሆኪን ሳይ ባይተዋር ሆኖብኝ አያውቅም።

ስለ ተጫዋችና አሰልጣኝ ካነሳችሁ ሩቅ አትሂዱ። ኬንያን ተመልከቱ። አቭታር ሲንግ ሶሃል የሚባል ሰው አለ። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ተከላካይ ነው። ከ1960 እስከ 1972 በአራት ኦሊምፒክ ለኬንያ ተሰልፏል፣ አምበልም ሆኗል። በዚያ ዘመን ኬንያ በሆኪ ቀላል አገር አልነበረችም። በ1971 ባርሴሎና ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አራተኛ ወጥታለች። ለሦስተኛነት የተሸነፈችውም በህንድ ነው። ሶሃል መጫወቱን ሲያቆም ያንኑ ብሔራዊ ቡድን አሰለጠነ። ዚምባብዌም አለች። በ1980 ሞስኮ ላይ፣ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ ብዙ አገሮች በመቅረታቸው በመጨረሻ ሰዓት ተጋብዛ ወርቁን ይዛ ተመለሰች። ሆኪ አፍሪካ ውስጥ ቤት አለው ለማለት ነው።

የእኛስ? በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ግብጾችን 4 ለ 2 አሸንፈን ስንወስድ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እሳቸውም የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ ናቸው። ኳሱን በእግራቸው ያውቁታል፤ ሕጉንና አደረጃጀቱንም ያውቁታል። ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለዋል። እኔ የምለው፣ ጥሩ ተጫዋች ሜዳውን ያውቃል። አሰልጣኝ ደግሞ ሰውን ማወቅ አለበት። ሁለቱን ያገኘ ጥቂት ነው።


የታቦር ልጅ

ጋሼ አቶቴ ሰፈር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኬንያውን ሰው በማንሳትዎ በጣም ደስ ብሎኛል። እኛ ሁሌ ወደ አውሮፓ ነው የምናየው።

ሰባት ቁጥር፣ እህቴ፣ የጻፍሽው አሞኛል። ሜዳ ላይ ሁሌ የማየው ነገር ስላለ ልጨምርበት። ከሌላ ቦታ አዲስ የመጣች ልጅ ኳስ እግሯ ስር ስትገባ ቀና ብላ የምታየው ጓደኛዋን ሳይሆን አሰልጣኟን ከሆነ፣ ያቺ ልጅ ከዚህ በፊት ተሰድባ እንደምታውቅ ወዲያው ይገባኛል። አንድ ሰከንድ ናት። በዚያች አንድ ሰከንድ ተከላካይዋ ደርሳ ኳሱን ትወስዳለች። ስለዚህ ጉዳዩ የደግነት ብቻ አይደለም አሞራ ገደል። ፍርሃት ጨዋታውን ራሱን ያዘገየዋል።

አሁን ወደ አናን ልመለስ። እሷን ያሰለጠናትን ሰው ሳታውቁ እሷን መረዳት ይከብዳል። ሪክ ቻርልስዎርዝ ይባላል። እሱም ተጫዋች የነበረ አሰልጣኝ ነው። ሕይወቱ የሚገርም ነው፦ ሐኪም ነው፤ ለምዕራብ አውስትራሊያ ክሪኬት ተጫውቷል፤ ከ1983 እስከ 1993 የፓርላማ አባል ነበር። የፓርላማ ወንበሩን እንደያዘ በ1986 ከአውስትራሊያ ጋር የዓለም ዋንጫ አሸነፈ። በኦሊምፒክ አራት ጊዜ ተጫውቶ ወርቅ ግን አላገኘም። በ1980 የሞስኮው ኦሊምፒክ ሲመጣ የአውስትራሊያ ሆኪ ቡድን ሳይሄድ ቀረ።

በ1993 የሴቶቹን ቡድን ያዘ። እስከ 2000 ድረስ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ሁለት የዓለም ዋንጫ። በኋላ ወንዶቹንም ይዞ በ2010 እና በ2014 የዓለም ዋንጫ አንስቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዋንጫው አይደለም። የሴቶቹን ቡድን ሲይዝ በአንድ ቋሚ አምበል ብቻ አልተማመነም። ኃላፊነቱን ለብዙ ተጫዋቾች አከፋፈለው። አንዷ ስትናገር ሌላዋ እንድትቀመጥ አልፈለገም። በሆኪ ደግሞ ተጫዋች መቀየር ገደብ የለውም፤ የወጣች ትመለሳለች። እሱ ይሄን አጥብቆ ተጠቀመበት። ኮከብ የምትባለዋም ትወጣለች፣ ውሃ ጠጥታ፣ አርፋ፣ በሙሉ ጉልበት ትገባለች። ቤንች ላይ መቀመጥ ቅጣት መሆኑ ቀረ።

እኔ ይሄን በፕሮጀክቴ ሞክሬዋለሁ። በልምምድ ጨዋታ ሁሉም ይወጣሉ፣ ሁሉም ይመለሳሉ። መጀመሪያ ያኮረፉ ነበሩ። ኋላ ግን የምትወጣዋ ልጅ ሮጣ መጥታ ለምትገባዋ «ስድስት ቁጥር ግራዋ ደካማ ነው» ብላ መንገር ጀመረች። ይሄን እኔ አላስተማርኳትም።


አሞራ ገደል

እሺ፣ የፍርሃቷን ሰከንድ ነገር ተቀብያለሁ። አላሰብኩትም ነበር በዚያ በኩል። ግን አንድ ጥያቄ፦ ቻርልስዎርዝም እኮ ለስላሳ ሰው ነው ተብሎ አይታወቅም። ልምምዱ ከባድ ነበር። ተጫዋቾቹን እስከ ጥግ ይገፋ ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?


ሰባት ቁጥር

ከባድ ልምምድና ስድብ አንድ አይደሉም ወንድሜ። እኔ ከባድ ልምምድ ጠልቼ አላውቅም። ለምን እንደምሮጥ ከተነገረኝ እስክወድቅ እሮጣለሁ።


የሞጆ መንገድ (አዳማ)

ከአዳማ ሰላም ብያለሁ። እኔ ሆኪን ፓሪስ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ ያየሁት። የገረመኝ መለያ ምቱ ነው። እንደ እግር ኳስ ኳስ አስቀምጦ መምታት አይደለም፤ ሮጠው ነው የሚገቡት። እስቲ የምታውቁ አስረዱን። ደግሞ የቻይናና የሆላንድ ፍጻሜ ላይ አሰልጣኟ ምን ታስብ ነበር ብዬ ሌሊቱን ሳሰላስል ነበር። ያባረሯት ሰዎች ፊት ለፊት ቆማ!


አሞራ ገደል

ወንድሜ፣ እኔ ልንገርህ። አጥቂዋ ከግቡ 23 ሜትር ርቀት ላይ ካለው መስመር ኳስ ይዛ ትነሳለች። በረኛዋ ከግቡ መስመር ላይ ትነሳለች። ፊሽካው ሲነፋ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ለማስቆጠር ያለው ጊዜ 8 ሰከንድ ነው። አጥቂዋ ልታታልል፣ ልትዞር፣ ከበረኛዋ ብትመለስባት ደግማ ልትመታ ትችላለች። በረኛዋም ወጥታ ልትጋፈጣት ትችላለች። ዱላው ደግሞ ኳስ የሚነካው በአንድ ገጹ ብቻ ነው፤ በጠፍጣፋው። በጀርባው ከነካህ ጥፋት ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ስታታልል ዱላውን በእጅህ ውስጥ ገልብጠህ ነው። ስምንት ሰከንድ ረጅም ይመስላል፣ እዚያ ላይ ግን እንደ ጥይት ነው የሚያልፈው።

ፓሪስ ላይ የቻይና መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። በሩብ ፍጻሜ አውስትራሊያን 3 ለ 2 አሸነፉ። የአሰልጣኟን አገር! በግማሽ ፍጻሜ ከቤልጅየም ጋር 1 ለ 1 ወጥተው በመለያ ምት 3 ለ 2 አለፉ። በፍጻሜው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አገቡ። ከዚያ ተከላከሉ፣ ተከላከሉ። ሆላንድ አቻ ያደረገችው በመጨረሻው ሩብ ነው፤ ያውም ከቅጣት ኮርና። በመለያ ምት ሆላንድ 3 ለ 1 ወሰደች። ቻይና በኦሊምፒክ ፍጻሜ ስትደርስ በ2008 ቤጂንግ ከደረሰች በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ያኔም ያሸነፈቻት ሆላንድ ናት።

የገረመኝን ልንገርህ? ሆላንድን ያስፈራችው እኮ ሆላንድን አብጠርጥራ የምታውቅ ሴት ስለሆነች ነው። ያቺ የሆላንድ ቡድን ማንም በቀላሉ አቻ የማይወጣት ቡድን ናት። ስድሳ ደቂቃ ሙሉ አንድ ግብ ብቻ ነው ያስገባችው።


አቶቴ ሰፈር

አሞራ ገደል ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያስረዳኸው። አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ከአንድ ቦታ ከወጣ በኋላ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ መድገም ነው። ሌላው ምን አጠፋሁ ብሎ መጠየቅ ነው። እሷ የትኛውን እንደያዘች እኔ ልናገር አልችልም፤ ያንን የሚናገሩት የቻይና ልጆች ናቸው። ሆላንድስ እሷን አሰናብታ ምን ሆነች? በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫውን ደገመች። ፓሪስም ላይ አሸነፈች። ስለዚህ ያለ እሷ አይሆንም የሚባለው ወሬ ከንቱ ነበር። ቡድን የአንድ ሰው አይደለም። እኛ አገር አንድ አሰልጣኝ ሲያሸንፍ እንሰግድለታለን፤ ሲሸነፍ ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄደን እንረግመዋለን። ሁለቱም ልክ አይደለም።


የታቦር ልጅ

ጋሼ፣ በትክክል። እኔም የያዝኩት አቋም ይሄ ነው፦ አናን እንደ ተጫዋችም እንደ አሰልጣኝም ታላቅ ናት፤ ያንን ማንም አይነጥቃትም። የሆላንድ ተጫዋቾችም ቅሬታቸው መሰማቱ ልክ ነበር። አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄዬም የመሰለኝን ልበል። ታላቅ ተጫዋች አሰልጣኝ ሲሆን የሚቸገረው ለእሱ ቀላል የነበረውን ነገር ከፋፍሎ ማስረዳት ላይ ነው። አጥቂ የነበረች ሴት ግብ ፊት ስትደርስ አታስብም፣ እጇ ያውቀዋል። ለልጅ ግን «እጅሽ ይወቀው» ማለት አይቻልም። ቁጭ ብለሽ፣ ትከሻዋ የት ነበር፣ ዓይኗ የት ነበር፣ ኳሱ የቱ እግሯ ፊት ነበር ብለሽ መበተን አለብሽ። ይሄ ትዕግሥት ከተጫዋችነት አይመጣም። ለብቻው የሚሠራ ሥራ ነው። አናን በቀጥታ ወደ ብሔራዊ ቡድን አለመዝለሏ፣ ዓመታት ክለብ ላይ መሥራቷ፣ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። እኛ ጋ ጫማ የሰቀለ ኮከብ በሳምንቱ ዋና አሰልጣኝ እንዲሆን እንጠብቃለን።


ባለ ጉልበት ሕመም

ሰላም፣ ዕድሜዬ 17 ነው። ሀዋሳ ነኝ። እግር ኳስ እጫወት ነበር፤ ጉልበቴ ተጎዳና ሐኪሙ አትመለሺም አለኝ። ሁላችሁም ስለ ታላላቅ ተጫዋቾች ነው የምታወሩት። ትልቅ ደረጃ ሳይጫወቱ አሰልጣኝ መሆን ይቻላል? ወይስ ተጫዋቾች አይሰሙኝም? እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።


ሰባት ቁጥር

የኔ እህት፣ አይዞሽ። ይቻላል። እኔን ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ ሴት ከሰፈር ቡድን በላይ ተጫውታ አታውቅም። የምትሰሚው ስምሽን ስላወቁ ሳይሆን የምትናገሪው ነገር ሜዳ ላይ ሲሠራ ስላዩ ነው።


የታቦር ልጅ

የኔ ቆንጆ፣ እውነቱን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል። ትልቅ ስም ያለው ሰው አንድ ቃል ሲናገር ዝም ብለው ይሰሙታል። አንቺ ግን ማሳየት ይጠበቅብሻል። ያ ጉዳት አይደለም። ገና ከጅምሩ ማስረዳት ትለምጃለሽ።

መንገዱም አለ። የካፍ የዲ ላይሰንስ ሥልጠና ሲመጣ ተመዝገቢ፤ ከዚያ ሲ፣ ከዚያ ቢ እያለ ይሄዳል። እስከዚያው ግን ቁጭ አትበይ። ለወላጆችሽ ንገሪና ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳችን ነይ። መሮጥ አይጠበቅብሽም። ደብተርና እስክሪብቶ ያዢ። የመጀመሪያ ሥራሽ ይሄ ነው፦ በልምምድ ጨዋታ ላይ እያንዳንዷ ልጅ ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንደቆየች ትጽፊያለሽ፤ ኳስ ስታጣ ከማጣቷ በፊት ወዴት ታይ እንደነበርም። ወደ ጓደኛዋ ነው ወይስ ወደ እኔ? ከጨዋታው በኋላ ሁለታችን ቁጭ ብለን እናነበዋለን።


አቶቴ ሰፈር

ልጄ፣ ደብተሩን እኔ እገዛልሻለሁ። ሜዳው ለቤቴ ቅርብ ነው።


ባለ ጉልበት ሕመም

እሺ፣ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?


የታቦር ልጅ

አሥር ሰዓት። ኮኖቹን አብረን እንድንደረድር ቀደም ብለሽ ነይ።